የመጀመሪያው የተራራ አደን፤ ዝግጅቱ ከመመለሻው ይጀምራል

የሮኪ ተራሮች ሰንሰለት በሚያልፍበት በአሜሪካ የኮሎራዶ ክፍለ ሀገር፣ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ አያሌ ሰዎች ጠመንጃቸውን ወይም ቀስታቸውን ይዘው ወደ ደጋው ይወጣሉ። የሚፈልጉት በተለይ ሁለት ዓይነት እንስሳ ነው። አንደኛው ኤልክ የሚባለው ታላቁ የአጋዘን ዘር ነው። ሁለተኛው ጆሮው የበቅሎ ጆሮ ስለሚመስል «የበቅሎ አጋዘን» የሚል ስም የወጣለት፣ በቁመትም በክብደትም አነስ ያለው ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ኢትዮጵያዊ ስለሚኖር፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ ወንድም ወይም እኅት፣ አለዚያም በጡረታ የተሰናበተ የቀድሞ የጦር ባልደረባ ያላቸው አይጠፉም። የዛሬው ጽሑፋችን መሪ ሳይቀጥር፣ በራሱ ጉልበትና በራሱ ስንቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ተራራ የሚወጣ ሰው እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባው ያትታል። ጉዞ፣ ሸክም፣ ካርታ፣ ብርድና ስንቅ ያለበት ነገር ስለሆነ ለወታደር እንግዳ አይሆንበትም። ባለቤቱም በጉዳዩ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳላት ወደ ታች እናያለን።

በአገራችን የአደን ወግ የክብሩ ሰዓት ግዳይ የሚጣልበት ሰዓት ነው፤ ፉከራውም ቀረርቶውም የሚነሣው ከዚያ ነው። ኤልክ ለማደን የሚዘጋጅ ሰው ግን ሐሳቡን ከዚያ ሰዓት በኋላ በሚመጣው ላይ ቢያሳርፍ ይሻለዋል። ምክንያቱን በሒሳብ እናሳይ። የደረሰ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ሴቲቱ 225 ኪሎ ያህል ትሆናለች። ከወንዱ ላይ አጥንቱ ተለይቶ የሚገኘው ንጹሕ ሥጋ 90 ኪሎ ነው እንበል። አንድ ጠንካራ ሰው በተራራ መንገድ ጉልበቱን ሳይሰብር ተሸክሞ የሚወርደው ከ25 ኪሎ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ሥጋው አራት ሸክም ይሆናል። እንስሳው የወደቀው መኪናው ከቆመበት 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ብቻውን የወጣው አዳኝ አራት ጊዜ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ሦስት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትሩ ከነሸክሙ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የወደቀ ግንድ እየተሻገሩና የተንሸራተተ ድንጋይ እየረገጡ ነው። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ግን እያንዳንዳቸው የሚጓዙት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቀንዱንና ራስ ቅሉን ለማስታወሻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሸክም ይጨምርበት።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይውጣ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት እንስሳው የቆመበት ቦታ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላ የሚል ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለጀማሪ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ቦታ ምንም ያህል ትልቅ ቀንድ ቢታይበት ሊታለፍ ይገባል። እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት የሴት ኤልክ ወይም የበቅሎ አጋዘን ፈቃድ ማውጣት የብልህ ሥራ ነው። የበቅሎ አጋዘን ሥጋ ለሁለት ሰው የአንድ ጉዞ ሸክም ነውና። ሕጉም በዚህ ረገድ ጽኑ ነው። በኮሎራዶ የሚበላ ሥጋ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ያስቀጣል፤ ቀንዱን ብቻ ቆርጦ ሥጋውን የተወ ሰው ደግሞ በከባድ ወንጀል ይከሰሳል።

የሕጉ ጽናት ከታሪክ የመጣ ነው። ሥጋና ቆዳ ለገበያ በሚያቀርቡ አዳኞች ምክንያት በኮሎራዶ ያለው ኤልክ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ሲጀምር ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ከዋዮሚንግ ክፍለ ሀገር እየተጫነ መጥቶ እንደገና እንዲራባ ተደረገ። ዛሬ ቁጥሩ ከ200,000 በላይ ሲሆን በአሜሪካ ውስጥ ይህን ያህል ኤልክ ያለው ሌላ ክፍለ ሀገር የለም። ለባሌው የደጋ አጋዘን የምናስብ ሁሉ ይህን ልብ ብንለው መልካም ነው።

እግርና ሳንባ

በአደኑ ወራት የኤልክ መንጋ በብዛት የሚገኘው ከ2,400 እስከ 3,500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚኖር ወታደር ይህ የለመደው አየር ነው፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ለሚሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍም ይነሣዋል። የዴንቨር ከተማ እንኳ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ነዋሪዋ ከዚህ ነፃ አይደለም። ስለዚህ የአደኑ ጊዜ ከመከፈቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደርሶ መስፈር፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ የመጠጥ ነገርን መተው ያስፈልጋል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደና ሰውዬው እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በሌሊትም ቢሆን ይዞት መውረድ።

የሰውነት ልምምዱ ከሦስት ወር በፊት ይጀመር። በ10 ኪሎ ተጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት እየተጨመረበት እስከ 25 ኪሎ ይድረስ። ብዙዎች ዳገት መውጣትን ብቻ ይለማመዳሉ፤ ጉልበትን የሚጎዳው ግን ከነሸክም ቁልቁል መውረድ ስለሆነ ደረጃም ሆነ ኮረብታ ሲወረድም ሸክሙ ከጀርባ አይውረድ። ስለ ጫማ ለወታደር መምከር ለካህን ቅዳሴ እንደ ማስተማር ነው። ቢሆንም አዲስ ጫማ ለአደኑ ቀን አስቀምጦ በሁለተኛው ቀን እግሩ ውኃ የቋጠረበት ሰው ብዙ ነው።

መሬቱና ነፋሱ

ካርታ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የአደኑን ግማሽ ይሠራል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው 1፡24,000 መስፈርት ያለው ካርታ በእኛ አገር ከለመድነው 1፡50,000 በእጥፍ የሚበልጥ ዝርዝር ያሳያል። በዚያ ላይ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ያዞሩ፣ ፀሐይ የማይበዛባቸው፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሱ ቁልቁለቶች ይፈለጉ፤ ኤልክ ቀኑን የሚተኛው እዚያ ነው። በአጠገባቸው ሣር ያለበት መስክና ምንጭ ካለ ማለዳና ማታ የሚወጣበት መሰማሪያ ተገኘ ማለት ነው። ኮምፓስ የሚይዝ ሰው በዚያ አገር መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ እንደሚያዘነብል ያስታውስ። የእጅ ስልክ ካርታም መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በውርጭ ባትሪው ቶሎ ስለሚሞት የወረቀቱ ካርታ ከኪስ አይለይ። ማደን የሚፈቀደው በመንግሥት ደን ውስጥ ነው። የግል መሬት ምልክት ባይደረግበትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባበትም፤ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ማደን ክልክል ነው።

ኤልክ በዓይኑም በጆሮውም አይታማም፤ አፍንጫው ግን ከሁለቱም ይበልጣል። በተራራ ላይ የነፋሱ ነገር ሥርዓት አለው። ሌሊትና ንጋት ላይ የቀዘቀዘው አየር እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ ቁልቁለቱን ካሞቀች በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ይነሣል፤ ማታ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ የሚቀርብ አዳኝ ከበታች ወይም ከጎን ይምጣ፤ ረፋዱ ላይ ከበላይ ሆኖ ቢያድን ይሻለዋል። አየሩ አቅጣጫ በሚለውጥበት የማለዳ ሰዓት ነፋሱ ስለሚዞር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከሁሉ ይሻላል። በትንሽ ጠርሙስ ጥቂት ዱቄት ይዞ በየጊዜው ብን ማድረግ ነፋሱን ያሳያል። ለዚህ ሥራ ጤፍ የሚያክል የለም ብንል ባለቤቶቻችን እንዳይቀየሙን።

በመስከረም የስሪያው ወቅት ስለሆነ ወንዱ ኤልክ እንደ ረጅም ፉጨት ባለ ድምፅ ይጮኻል። በጥቅምት ጩኸቱ እየጠፋ ይሄዳል፤ የደረሱት ወንዶችም ከሴቶቹ ተለይተው ጭር ወዳለ ደን ይገባሉ። ብዙ በረዶ ሲወርድ ሁሉም ወደ ዝቅተኛው ግጦሽ ይወርዳል። የበቅሎ አጋዘን ሲደነግጥ በአራቱም እግሩ እየነጠረ ይሸሻል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ይመለከታል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሙስ የተባለው ከኤልክ የሚገዝፍ ጥቁር እንስሳ ወደ ኮሎራዶ ስለመጣ፣ ኤልክ መስሎት ሙስ የሚገድል ጀማሪ አለ። ቅጣቱ ከባድ ነው። በርቀት መነጽር አጥርቶ ያላየ ሰው ጠመንጃውን አያንሣ።

መሣሪያና ፈቃድ

ፈቃዱ በአደን ክልል፣ በወቅትና በእንስሳው ጾታ ተለይቶ ስለሚሰጥ የዓመቱ ደንብ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነበብ። በዕጣ ለሚሰጠው ፈቃድ ማመልከቻው የሚዘጋው በመጋቢት ማብቂያ ላይ ስለሆነ በክረምት ማሰብ የጀመረ ሰው ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኞች ትምህርት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። የውትድርና ዘመን ስንቆጥር ለኖርን እንዲህ ያለው ወረቀት ቀልድ ይመስላል፤ ትምህርቱ ግን ለሠለጠነ ተኳሽም ይጠቅማል።

የወታደር ጥይት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሕጉ የሚያዘው ሥጋ ሲነካ የሚሰፋ አፈ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ለኤልክ የእርሳሱ ክብደት ቢያንስ 5.5 ግራም፣ የአፈሙዙ ስፋትም ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አውቶማቲክ መሣሪያ ፈጽሞ ክልክል ነው። በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃም ከ6 ጥይት በላይ ሊይዝ አይችልም። የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው ኤም ዋን የሚተኩሰው .30-06 ጥይት፣ እርሳሱ የአደን እርሳስ እስከሆነ ድረስ፣ ዛሬም ለኤልክ ከሚመረጡት አንዱ ነው፤ ጠመንጃው ግን 8 ጥይት ስለሚጎርስ እንዳለ አይፈቀድም። አለባበሱም ከካሙፍላጅ ትምህርታችን ጋር ይጣላል። በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከወገቡ በላይ 3,200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያበራ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስ፣ በራሱም ላይ ያንኑ ቀለም ኮፍያ ማድረግ ግዴታው ነው። አጋዘን ይህን ቀለም አጥርቶ አያይም፤ ሌላው አዳኝ ግን ያያል።

የተኩሱ ልምምድ ተንበርክኮ፣ ተቀምጦና ቦርሳ ላይ ተደግፎ፣ በተለይም ሮጦ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ባለበት ሰዓት ይሁን። ጀማሪ ከ200 ሜትር አይለፍ። እንስሳው ጎኑን ሲሰጥ ከወርቹ ኋላ፣ ከደረቱ አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ይነጣጠር። ከተተኮሰ በኋላም እንስሳው የቆመበትን ቦታ በዓይን ምልክት አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንጂ ወዲያው ማሳደድ አይገባም።

ለባለቤቱ የሚቀር ወረቀት

በእነዚያ ተራሮች ከድብ ይልቅ ሰው የሚገድለው ብርድ ነው። በጥቅምት ቀኑ ሞቅ ብሎ ይውልና ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላም በረዶ ሊጥል ይችላል። የጥጥ ልብስ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ጋቢያችን በድንኳን ውስጥ ክቡር ነው፤ በዝናብና በላብ ግን ባለቤቱን ይከዳል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ልብስ ይሁን። ብርድ የገባው ሰው በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ክፋቱ እርሱ ራሱ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው። ይህን የሚያይለት ጓደኛ ከሌለ ማን ያይለታል? ክብሪት በማይረጥብ ዕቃ፣ ሻማ፣ ፊሽካና የእጅ ባትሪ ለአንድ ሰዓት ጉዞም ቢሆን ከሰውነት አይለዩ። መንገድ የጠፋበት ሰው ባለበት ይቆይ፤ ሦስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት የእርዳታ ጥሪ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። አዳኙ ከመነሣቱ በፊት አንድ ወረቀት ተጽፎ በባለቤቱ እጅ ይቀር። በወረቀቱም ላይ የሰፈሩበት ቦታ በካርታ ቅጂ ላይ ምልክት ተደርጎ፣ መኪናው የሚቆምበት ስፍራ፣ የሰሌዳው ቁጥርና ቀለሙ፣ የጓደኛው ስምና ስልክ፣ የለበሰው ልብስ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እርሱም ይጻፍ። ከሁሉ በላይ የመመለሻው ቀንና የመጨረሻው ሰዓት ይጻፍ። በኮሎራዶ የጠፋ ሰው ፍለጋ ኃላፊነቱ የወረዳው ሸሪፍ ስለሆነ፣ አደኑ በሚደረግበት ወረዳ ያለው የሸሪፍ ስልክ ከታች ይስፈር። በከተማው ያለው ፖሊስ ያን ተራራ አያውቀውም።

የመጨረሻውን ሰዓት የምትወስነው ሚስቲቱ ብትሆን ይሻላል እንላለን። ባል «እስከ ማክሰኞ ብቆይ አትጨነቂ» ይላል፤ እርሷ ግን ልጆቹን ይዛ በመስኮት የምታይ ናት። የሠራዊቱ ባለቤቶች መጠበቅን ማንም ሊያስተምራቸው አይችልም፤ ሰዓት የሌለው መጠበቅ ግን ከመጠበቅም የከፋ መሆኑን ያውቃሉ። የተጻፈው ሰዓት ካለፈ በኋላ መደወል አያሳፍርም። ፈላጊዎቹ አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከአደን ፈቃዱ ክፍያም ጥቂቱ ለዚሁ የፍለጋ ሥራ ይውላል። አዳኙም በበኩሉ በወረቀቱ ላይ ካለው ሸለቆ ወደ ሌላ እንዳይሻገር ቃል ይግባ።

የስንቁ ነገር ለእኛ ሰው ቀላል ነው። በሶ ብርድ ልብስ ውስጥ ባደረ የኮዳ ውኃ ይበጠበጣል፣ ማሞቂያም አይፈልግም። ጭኮ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እየተራመዱ ይበላሉ። የምንጭ ውኃ ምንም ያህል ቢጠራ ሳይፈላ አይጠጣ፤ በሆድ ውስጥ ጃርዲያ ያስገባል።

ቢላዋና አቡጀዲ

እንስሳው ሲወድቅ የፈቃዱ ምልክት ተፈርሞበትና ቀን ተጽፎበት ይዘጋጅ፤ ቀጥሎ ቢላዋው ይውጣ። የኤልክ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም እንኳ ሳይገፈፍ ያደረ ኤልክ ከዳሌው አጥንት አጠገብ ጀምሮ ይሸታል። ስለዚህ ማታ የወደቀ እንስሳ በባትሪ ብርሃንም ቢሆን ያኔውኑ ይገፈፍ። በቅርጫ ላይ ቢላዋ የያዘ ሰው እዚህ ከብዙ አሜሪካዊ ጀማሪ ይቀድማል፤ ታላቁንና ታናሹን፣ ሽንጡንና ዳቢቱን መለየት ከልጅነቱ ያየው ነው። ኤልክ ሻኛ ስለሌለው ብቻ ያዝን ይሆናል። በአንድ ጎኑ አጋድሞ ሆድ ዕቃው ሳይከፈት ሁለቱን እግሮች፣ ጎድኑንና ሽንጡን አውጥቶ፣ ከዚያ በሌላው ጎን ማገላበጥ ለሁለት ሰው የሚመች ዘዴ ነው። የእንስሳውን ጾታ የሚያሳየው ክፍል ከአንዱ ብልት ጋር እንደተያያዘ እንዲቆይ ሕጉ ስለሚያዝ ይህ እንዳይዘነጋ። ሞረድ ከቢላዋው ጋር ይያዝ፤ የኤልክ ጠጉር ስለቱን ቶሎ ያደንዘዋል።

ሥጋው የሚገባበት ከረጢት ከገበያ ይገኛል፤ ነገር ግን በቤት የተሰፋ የአቡጀዲ ከረጢት አይተናነሰውም። አየር ያስወጣል፣ ዝንብ ይከለክላል፣ ታጥቦም ለሚመጣው ዓመት ይደርሳል። 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ከረጢቶች ለአንድ ኤልክ ይበቃሉ። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበው በፀሐይ ይድረቁ። ፕላስቲክ ግን ሙቀትና እርጥበት ስለሚያፍን ሥጋው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይነካው። ከረጢቶቹ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀሉ፤ ጥቁር ድብ በዚያ አገር ስላለም ከመኝታው ድንኳን ይራቁ። በመኪናው ውስጥ በረዶ የተሞላ ሣጥን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ በቤትም ማቀዝቀዣው ባዶ ይደረግለት።

ስለ መብላቱ ጥያቄ ላለው፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ይበላሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው እንስሳት መካከል ዋላ ይገኛል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ጥይቱን ሲለቁ የአላህን ስም ይጠራሉ፤ ዝርዝሩን ሁሉም የእምነቱን አባት ይጠይቅ። የኤልክ ሥጋ ስቡ ጥቂት ነው፤ ያለውም ስብ አፍ ላይ እንደ ሰም ስለሚጋገር ተገፍፎ ይጣል፤ ጥብሱም በንጥር ቅቤ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይውጣ፣ ሲቆይ ይደርቃልና። ቅልጥሙ ለቅቅል፣ ታላቁ ለቋንጣ የተፈጠረ ይመስላል። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ግን እዚህ ላይ አይታሰብ። የዱር እንስሳ ሥጋ ሐኪም የሚመረምረው የቄራ ሥጋ አይደለም።

ከዚህም ሌላ በአጋዘን ዘር ላይ ብቻ የሚታይ፣ እንስሳውን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያው በኮሎራዶ፣ በፎርት ኮሊንስ ከተማ በምርምር ጣቢያ በተያዙ የበቅሎ አጋዘኖች ላይ ነው። እስካሁን ወደ ሰው ተላልፎ አልታወቀም፤ ሆኖም የጤና ባለሥልጣኖች በሽታው የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላ ይመክራሉ፤ ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ አንጎልና አከርካሪው ሳይነካ ይቅር፤ ራሱ ለዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ለምርመራ ይሰጥ። የሁለት እንስሳ ሥጋ አይቀላቀል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ቀኑ፣ የብልቱ ስምና የምርመራው ቁጥር ይጻፍ፤ ውጤቱ እስኪመጣም ድረስ ለጎረቤት ሊላክ የታሰበው ቋንጣ ከገመዱ ላይ ይቆይ።